በአየር ትራስ ላይ ስለሚሄደው መርከብ

ወጥ በሚንተከተክበት ጊዜ የድስቱን ክዳን የተመለከተ ሰው፥ ክዳኑ ጥቂት ብድግ ብሎ እንፋሎቱን በዙሪያው ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ሲቀመጥ ያያል። ያነሣው የታፈነው እንፋሎት ነው፤ መልሶ የጣለውም የእንፋሎቱ ማምለጥ ነው። እንግሊዞች ሆቨርክራፍት ብለው የሰየሙት መርከብ የተሠራበት ብልሃት ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፥ የሚያመልጠውን አየር ሳያቋርጥ የሚተካ ማራገቢያ ያለው መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ይህ መርከብ እንደ አውሮፕላን የሚበር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ክብደቱ ከምድርና ከውኃ ላይ አልተነሣም፤ በመካከል በገባው አየር አማካይነት በሰፊው ተከፋፈለ እንጂ። ለምሳሌ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር፥ ክብደቱ 5 ቶን የሆነ መርከብ ቢኖር፥ ሸክሙ በ50 ካሬ ሜትር ላይ ስለሚያርፍ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ብቻ ነው። በሁለት እግሩ የቆመ ሰው መሬቱን ከዚህ 10 እጥፍ አብልጦ ይጫነዋል። ስለዚህ ሰው የሚሰምጥበትን ረግረግ ይህ መርከብ ሳይሰምጥ ያልፈዋል። በውኃ ላይ ባለበት ቆሞ ሲያንዣብብም ከሥሩ ያለው ውኃ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎደጉዳል፤ ከጉድጓዱ የተገፋው ውኃ ከመርከቡ ክብደት ጋራ ትክክል ነው። አርኪሜዴስ በጥንት ዘመን የገለጠው ሕግ በዚህም አልፈረሰም።

አየሩን መንፋት ለማንኛውም ወናፍ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማቆየቱ ነው። ከዚሁ መርከብ ሥር የታፈነው አየር በጠርዙ በኩል በሰኮንድ 40 ሜትር ያህል እየፈጠነ ይሸሻል። ዙሪያው 30 ሜትር ስለ ሆነ፥ ከጠርዙ በታች 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢተው የሸሸውን ለመተካት 16 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል፤ ክፍተቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን 160 ያስፈልጋል።

ክሪስቶፈር ኮከሬል የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ መላ የፈለገው ለዚህ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. አንዱን ጣሳ በሌላው ውስጥ አግብቶ፥ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቀለበት አየር ወደ ወጥ ቤት ሚዛን እንዲወርድ አደረገ። አንዱ የድመት ምግብ፥ ሁለተኛው የቡና ጣሳ ነበር፤ ለታላቅ ምርመራ ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቀለበቱ የወረደው አየር፥ በአንድ ጣሳ ብቻ ከተነፋው ይልቅ ሚዛኑን አብልጦ ተጫነው። በጠርዙ ዙሪያ የሚወርደው ነፋስ ራሱ እንደ ግድግዳ ሆኖ በውስጥ ያለውን አየር ያግዳልና።

በዚህ ብልሃት የተሠራው ኤስ አር ኤን 1 የተባለው መርከብ ሐምሌ 18 ቀን 1951 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጠረፍ ከካሌ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ዶቨር ተሻገረ። ቀኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 25 ቀን 1959 ነው። ይሁን እንጂ የነፋስ ግድግዳ ብቻውን ከማዕበል በላይ ከፍ ሊያደርገው አልቻለም። ላቲመር ኒድሃም የተባለ መሐንዲስ ያመጣው ተጣጣፊ መጋረጃ፥ እንደ ጃንጥላ ዘርፍ በዙሪያው ተንጠልጥሎ ችግሩን አቃለለው፤ የመርከቡ አካል ከፍ ሲል ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፥ ማዕበል ሲመታውም ይታጠፋል። ደግሞም ርዝመትና ወርድ እጥፍ ሲሆኑ አየሩ የሚያርፍበት ስፋት 4 እጥፍ፥ የሚያፈሰው ዙሪያ ግን 2 እጥፍ ብቻ ስለሚሆን፥ ትልቁ መርከብ ከትንሹ ይልቅ አትራፊ ነው። ስለዚህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1968 እስከ 2000 ዓ.ም. በዚያው ባሕር ይመላለሱ ከነበሩት መካከል፥ በኋላ የሰፉት 418 ሰዎችና 60 መኪናዎች ይጭኑ ነበር።

ምድርን ያልነካ ግን ምድርን መያዝ አይችልም። ሰበቃ የለበትምና በጥቂት ኃይል ይገፋል፤ የጎን ነፋስም እንዲሁ በቀላሉ ይገፋዋል። ለመታጠፍም ለመቆምም ያለው መሪው አየር ነው። በ1985 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ማርች 30 ቀን በብርቱ ነፋስና ማዕበል ከታላላቆቹ አንዱ ከዶቨር ወደብ ግንብ ጋራ ተጋጭቶ 4 ሰዎች ሞቱ። የባሕሩ ሥር የባቡር መንገድም በ1994 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ከተከፈተ በኋላ፥ ነዳጅ በብዛት የሚበላው መርከብ ገበያውን መቋቋም አልቻለም።

በሳውዝሲና በዋይት ደሴት ላይ ባለችው በራይድ ከተማ መካከል ግን መንገደኛ እስከ ዛሬ በዚህ መርከብ ይሻገራል። በራይድ ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ አሸዋ ይገለጣል። ሌሎቹ መርከቦች ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባሕር በተዘረጋው ድልድይ ጫፍ ሲቆሙ፥ ይኸኛው በአሸዋው ላይ አልፎ ከከተማይቱ ደጅ ይደርሳል።