አሮጌው 4.2 ወይስ አዲሱ 2.8?

ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ይህን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንደ መካኒክ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የለመድነው ባለ 4.2 ሊትሩ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ፣ 6 ሲሊንደር ነው፤ ቱርቦ የለውም። ቶዮታ በ2023 እ.ኤ.አ. በዚህ መኪና ላይ ያመጣው ባለ 2.8 ሊትሩ ዋን ጂ ዲ ደግሞ 4 ሲሊንደር ባለ ቱርቦ ነው፤ ሃይሉክስ ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እናውቀዋለን። ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ሲመጣ ቶርኩ 500 ኒውተን ሜትር ነው። የአሮጌው 300 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ሞተሩ አንሷል» ብላችሁ አትናቁት።

ለኛ ወሳኙ ከፍታው ነው። ከጉደር ወደ ጌዶ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጤፍ ጭኖ ዳገቱን ሲይዝ አየር ያጥረውና ጥቁር ጭስ እየተፋ ያዘግማል። ቱርቦው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያካክሳል።

መዘዙ ናፍጣው ላይ ነው። አዲሱ ሞተር ናፍጣ የሚረጨው ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በዓይን በማይለዩ ቀዳዳዎች ነው። ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃ ያለበት ናፍጣ አሮጌውን ቢያንገጫግጨው ነው፤ አዲሱን ግን ኖዝልና ፖምፕ ያስቀይራል፤ ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል! ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ውሃ መብራት ከበራ «ከተማ ስደርስ» አትበሉ። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ አላልታችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ አፍስሱ። ፊልትሮ ስትቀይሩም ርካሹን ተዉት።