መዝገብ የጎደለው ጥበብ፦ የድሮ ሞተር ሳይክልን በካምፓላ ማደስ

ካምፓላ በሞተር ሳይክል የምትንቀሳቀስ ከተማ ናት። ከማኬሬሬ ኮረብታ እስከ ኦዊኖ ገበያ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከተሰባሰቡበት ከካባላጋላ እስከ ናካሴሮ፣ ሰውንም ሸቀጡንም የሚያመላልሰው ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ነው። ቀን ከሌት የሚሠራ ሞተር ቶሎ ቶሎ ይበላሻልና የሚጠግን እጅ በየመንደሩ አለ። ይህ ሁሉ እጅ ግን የሚውለው ነገ ጠዋት መንገድ ላይ መሆን ላለበት ሞተር ነው። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ገብተው ዛሬ በየጓሮውና በየመጋዘኑ ዝገው የቆሙት ሞተሮች ጉዳይ ብዙም አይነሳም። እነዚህን በቤት ማደስ በካምፓላ ከብዙ ሀብታም ከተሞች ይልቅ ይቀላል፤ ባለሙያውም መሣሪያውም በቅርብ አለና። የሚጎድለው መዝገብ ነው፤ ሞተሩ ምን እንደነበረ፣ ምኑ እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ስለዚህ የጥሩ እድሳት መለኪያ የቀለሙ ማብረቅረቅ ወይም የእያንዳንዱ ቡሎን ከፋብሪካ መውጣት ሊሆን አይገባም። ሞተሩ ይሠራል ወይ? ታሪኩስ ይነበባል ወይ? መመዘኛዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሞተሮቹ እንዴት እንደመጡ ማወቅ ምን ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት ይረዳል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነፃ እስክትወጣ ድረስ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች፣ ቀደምቶቹ ሞተሮች በአብዛኛው እንደ ቢኤስኤ ያሉ የእንግሊዝ ሥራዎች ነበሩ። ቀጥሎ የጃፓን ዘመን መጣ። በ1958 የወጣውና በ2017 የምርት ቁጥሩ 100 ሚሊዮን የደረሰው ሆንዳ ሱፐር ከብ፣ ጥገና እንደልብ በማይገኝበት አገር እንዲበረታ ታስቦ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ሆንዳ ሲጂ 125፣ ለእርሻ ሥራ የተዘጋጀው ያማሃ ኤጂ 100 የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ሲያዝ፣ የአስመጪነቱና የችርቻሮው ንግድ አብዛኛው በእነሱ እጅ ነበርና የመለዋወጫ አቅርቦት ተናጋ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ማጌንዶ የሚባለው የጥቁር ገበያ ንግድ ነገሠ። አዲስ ዕቃ የማያገኝ ሰው ያለውን አሠንብቶ መጠቀም ግድ ሆነበት። በ1960ዎቹ በኬንያ ድንበር በቡሲያ በብስክሌት የተጀመረው ቦዳ ቦዳ በ1990ዎቹ ወደ ሞተር ሳይክል ሲዞርም ይኸው የጥገና ልማድ ጠበቀው። ኋላ የሕንዱ ባጃጅ ቦክሰር መንገዱን ሞላውና የጃፓን አሮጌዎች ወደ ጥግ ተገፉ።

ዛሬ ያ ችሎታ በሰፈር በሰፈር ተከፋፍሎ ይገኛል። ካትዌ የብረት ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ የበቆሎ ወፍጮውም የብሎኬት ማሽኑም ከቁርጥራጭ ብረት ተቀጥቅጦና ተበይዶ ይወጣል። የአዲስ አበባ አንባቢ ምናለሽ ተራን ቢያስብ አይሳሳትም። በናኪቩቦ በኩል ያለው ኪሴካ ገበያ ደግሞ እንደ ሱማሌ ተራ የመለዋወጫ መናኸሪያ ነው። ለአዳሹ የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው። ጎማና ካላማዳሪ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመድ፣ አምፖል፣ ኩሽኔታ፣ ይህ ሁሉ ለቦዳ ቦዳ ሲባል በየቀኑ ይገባል። ባለ 17 ኢንች ጎማና 428 የሚባለው ሰንሰለት በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የተለመዱ ስለሆኑ፣ የአዲሶቹ ሞተሮች ገበያ ለአሮጌዎቹ ይተርፋል። ያልተገኘውን ቦኮላ ቶርኖ ቤት ያወጣዋል፤ የተበላውን ላሜራ የካትዌ ቀጥቃጭ ይቀርጸዋል። በአውሮፓ አንድ አዳሽ ለአንድ ዕቃ ወራት ሲጽፍና ሲጠብቅ ይከርማል፤ እዚህ ዕቃውን ይዞ በእግር ወደ ሠሪው መሄድ ይቻላል።

እንግዲህ መለኪያው ጉዳይ ላይ እንምጣ። በ1966 የተቋቋመው ፊቫ የተባለው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪካዊ ይዞታው የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግለውን ነው። ፌዴሬሽኑ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም ነባሩን መጠበቅ ከማደስ እንዲቀድም፣ የተደረገው ሥራ ሁሉ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ያሳስባል። በናይሮቢ ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደው የኮንኩር ዴሌጋንስ ውድድር ደግሞ መኪናና ሞተር ሳይክሎችን በጥራታቸውና በውበታቸው ይዳኛል። ከእነዚህ ውስጥ ለካምፓላ የሚበጀው ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ነው፤ መጻፍና አለመቸኮል። ለዕለት ሥራ የዋለ ሞተር ቅርስ አይደለም የሚለው ግን እዚህ አይሠራም። አርባ ዓመት ማቶኬ የሚባለውን የምግብ ሙዝ ሲያመላልስ የኖረ ሞተር፣ በሥራው ምክንያት ስለ አገሩ የሚናገረው ነገር በዝቷል እንጂ አልቀነሰም።

በእድሳት ነባር ዕቃ ብቻ ይግባ የሚለው አቋም ሞተሮቹ ራሳቸው የተወለዱበትን ታሪክም ይዘነጋል። የጀርመኑ ዲኬደብሊው አርቲ 125 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንድፉ በአሸናፊዎቹ እጅ ገባ። ከእሱ በእንግሊዝ በ1948 ቢኤስኤ ባንታም፣ በአሜሪካ የሃርሊ ዴቪድሰን 125፣ በሶቪየት ኅብረት ሞስክቫ ተሠሩ። በጃፓን ደግሞ በ1955 የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር የሆነው ዋይኤ 1 ወጣ። ባጃጅ በ1960ዎቹ የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ ይሠራ ነበር፤ ቦክሰርም ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር የነበረው ሽርክና ውጤት ነው። ሞተር ሳይክል እንግዲህ ከመነሻው አገር ለአገር ሲዋስ፣ ሲገለበጥና ሲሻሻል የኖረ ነገር ነው። ፋብሪካውም ቢሆን ጥገናን አስቀድሞ አስቦበታል። የተበላ ሲሊንደር እየሰፋ እንዲሄድ ብዙ አምራቾች ከመደበኛው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር የሚበልጡ ፒስተኖችን ከነፋሻቸው ያወጡ ነበር። ሞተሩን የሠራው ሰው ራሱ እንደሚታደስ አውቆ ከሠራው፣ በብልሃት የተተካ ዕቃ ሞተሩን ሐሰተኛ ያደርገዋል ማለት አይቻልም።

በቤት ውስጥ የሚሠራውና ወደ ባለሙያ የሚሄደው ሥራ ድንበር አላቸው። መፍታት፣ ማጽዳት፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና ስም ጽፎ በከረጢት ማስቀመጥ የቤት ሥራ ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። ለዓመታት የቆመ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። መዶሻ ማንሳት ሞተሩን መግደል ነው፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አፍስሶ ቀናትን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሁለት ምት ሞተሮች ላይ ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት የክራንክ ዘንጉን የዘይት ማኅተም ነው። ጎማው ሲደርቅ አየር ይስባል፤ አየር ሲበዛ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ሙቀት ያበዛል፤ በመጨረሻ ፒስተኑ ቀልጦ ይጣበቃል። ሞተሩ ተነስቷል ብሎ የተደሰተ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያዝነው ከዚህ የተነሳ ነው። ፑንቲና ያለው ሞተር ክፍተቱ እንደየዓይነቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ መስተካከል አለበት፤ ይህም በአንዲት የስስ ብረት መለኪያ በቤት የሚሠራ ነው። ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክ ማቃናትና ቴላዮ መበየድ ግን የቶርኖ ቤትና የብየዳ ባለሙያ ድርሻ ናቸው።

የአየሩ ጠባይና የጤና ጉዳይም ሥራውን ይወስናሉ። ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አስረኛ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ለቆላ ከተስተካከለ ነዳጅ ሊያበዛ ይችላል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ቅርብ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዳግም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። ስለዚህ የተገፈፈ ብረት ሳይቀባ ማደር የለበትም፤ የነዳጅ ታንክም ከውስጥ ከዛገ በቀላል አሲድ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ ይኖርበታል። ቤንዚን የነበረበትን ታንክ ሳያጥቡ መበየድ ፍንዳታ ይጠራል። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአየር መንፋት ሳንባን ለአደጋ ይዳርጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ክሮም ማልበስም መርዛማ ኬሚካል ስለሚጠይቅ ጓሮ ውስጥ ከቶ የሚሞከር አይደለም። ብልጭልጩ ቢቀር ምንም አይጎድልም።

ሞተሩ ይሥራ፣ ታሪኩ ይነበብ በሚለው አቋም ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብደት አለው። በካትዌ የተሠራ ዕቃ ብረቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም፤ ሁሉም በየራሱ ብልሃት ከጠገነ በመጨረሻ የሚቀረው የድሮ ስም ያለው አዲስ ቅይጥ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። የፊት ሹካ፣ የመሪ መያዣ፣ የቸርኬ ዘንግና የፍሬን ዕቃ ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ናቸውና ምንጩ ባልታወቀ ብረት መሠራት የለባቸውም። ለሌላው መልሱ ግን የሚመለሰውን ከማይመለሰው መለየት ነው። በቡሎን የታሰረ ሌላ ዓይነት ካርቡሬተር ነገ ይፈታል፤ በ12 ቮልት የተተካ የ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ነባሩ ዕቃ ተቀምጦ ከቆየ ይመለሳል። የተቆረጠ ቴላዮ፣ በሞረድ የጠፋ የሞተር ቁጥር፣ በአሸዋ ተነፍቶ የተላጨ የፋብሪካ ቀለም ግን አይመለሱም። ቁጥሩ ሎግቡክ ከሚባለው የባለቤትነት ደብተር ጋር ካልተመሳከረ ሞተሩ የባለቤትነት ማስረጃም ያጣል፤ የተሰረቀ ዕቃ መግዛትም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ የሚመለሰውን እንደልብ ሥራ፣ የማይመለሰውን ደጋግመህ አስብበት፣ ሁለቱንም ጻፍ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኑሮ ነው። ሞተር እንጀራ በሆነበት ከተማ የቆመን ሞተር ማደስ የባለጸጋ ጨዋታ አይደለም ወይ? የታደሰ ሞተር ወጪውን በሽያጭ ይመልሳል ብሎ መስበክ በእርግጥ ሰውን ማሳሳት ነው። ትርፉ ያለው በእውቀቱ ነው። የድሮ ሞተር ሁሉም ነገሩ በዓይን ይታያል፤ ብልጭታው ከየት እንደሚነሳ፣ ነዳጁ እንዴት እንደሚቀላቀል፣ ኃይሉ በማርሽ እንዴት እንደሚወርድ በእጅ እየዳሰሱ መማር ይቻላል። በጃፓን ድጋፍ የተመሠረተውን የናካዋ የሙያ ማሠልጠኛና የኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት ላሉ ተማሪዎች አንድ የቆመ ሞተር ርካሽ ቤተ ሙከራ ነው። የመንደር መካኒክም ከለካና ከጻፈ፣ ከመላ ምት ወደ ስሌት ይሻገራል፤ ያ ስሌት ነገ የቦዳ ቦዳ ደንበኛውን ይጠቅማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጭሱ ነው። የድሮ ሁለት ምት ሞተር ለ20 ወይም ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ቀላቅሎ ያቃጥላልና ጭሱ መጥፎ ነው። ዘመኑም ወደ ባትሪ እየዞረ ነው፤ በካምፓላ ዜምቦና ጎጎ የባትሪ መለወጫ ጣቢያ ዘርግተዋል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተመረተ 15 ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አግዳለች፤ አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ገድባለች። ይህን አዝማሚያ መቃወም አያስፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው ቦዳ ቦዳ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር ለከተማዋ ሳንባ መልካም ነው። አልፎ አልፎ የሚወጣ አንድ የታደሰ ሞተር ግን የከተማዋን አየር አይወስንም። ይልቁን ሽግግሩ መዝገቡን አስቸኳይ ያደርገዋል። የነዳጅ ሞተር ከመንገድ ሲወጣ ፑንቲና የሚያስተካክል፣ ክራንክ የሚያቃና እጅ ከአንድ ትውልድ በላይ አይቆይም፤ ያ እጅ የሚያውቀውም በአብዛኛው አልተጻፈም።

ስለዚህ የካምፓላ አዳሽ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ በደብተር ነው። የቴላዮና የሞተር ቁጥር፣ ከመፈታቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች፣ የተለካው ስፋት፣ የተተካው ዕቃና ከየት እንደመጣ፣ የሠሪው ሙያና ሰፈር፣ የወለቀው ነባር ዕቃ የተቀመጠበት ቦታ፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ደብተር አያልፍም። ቅጂው በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ቀጣዩ አዳሽ ከዜሮ አይነሳም። ኡጋንዳ በጂንጃ የባቡር ሙዚየም በመክፈት ማሽን ቅርስ መሆኑን አሳይታለች፤ ከባቡር ይልቅ ለብዙ ሰው ኑሮ የቀረበው ሞተር ሳይክል ተመሳሳይ ክብር ይገባዋል። ለምናለሽ ተራና ለሱማሌ ተራም ምክሩ ያው ነው። አንድ መካኒክ ዛሬ የሚሠራውን ሞተር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እንደሚፈታው አስቦ ከጻፈ፣ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም አድሷል።