በኪሮሽ የሚሠራ የጫጩት አሻንጉሊት

ከየአጥቢያው ምእመናን ከሚላኩልን ጥቅሎች ውስጥ በኪሮሽ የተሠሩ ትንንሽ ዶሮዎችና ጫጩቶች ይገኛሉ። ሁሉንም በምስጋና ተቀብለናል። ይሁን እንጂ ወደ ሕፃናቱ እጅ ሳይደርሱ ሣጥን ውስጥ የቀሩ አሉ፤ ምክንያቱን ለሠሪዎቹ ሳንገልጽ ዝም ማለትም ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ምክንያቱ ዓይናቸው ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ ወይም ከጨሌ የተሠራ ዓይን ያለው አሻንጉሊት ለትንሽ ልጅ አይሰጥም።

እኔም ብሆን ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለሁም። መጀመሪያ የሠራኋት ጫጩት ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ነበሩ። በድርብ ክር ስለሰፋኋቸው የሚነቀሉ አልመሰለኝም። የሰጠኋት ጥርስ በማውጣት ላይ ለነበረ የ10 ወር ልጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ዓይን ጠፋ። እናቱና እኔ ምንጣፉን ገልብጠን፣ ልብሱን አራግፈን፣ አፉን ከፍተን አይተን፣ በመጨረሻ ከምድጃው አጠገብ አመድ ውስጥ አገኘነው። ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ የነበረው ግማሽ ሰዓት ዛሬም አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የሚባል ነገር በአሻንጉሊት ላይ ሰፍቼ አላውቅም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980 መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራበት ደንብ፣ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሚቀርብ አሻንጉሊት ላይ፣ አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ክፍል እንዳይኖር ይከለክላል። የመለኪያው ስፋት የተወሰነው የትንሽ ልጅን ጉሮሮ በማሰብ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ከዚህ እጅግ ያንሳል።

ለመሆኑ ስለ አንዲት የክር ጫጩት ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አይስቅም፤ አይጫወትም፤ ብዙ ጊዜም ለዙሪያው ደንታ ያጣል። ወተቱና መድኃኒቱ ሥራቸውን ሲጀምሩ መጀመሪያ ከሚታዩት የመሻል ምልክቶች አንዱ ዓይኑ አንድን ነገር መከተሉ፣ እጁም ለመያዝ መዘርጋቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና መመሪያ ውስጥ ሕፃኑን ማጫወትን ከሕክምናው ጋር አያይዞ አስቀምጦታል፤ አሻንጉሊቶቹም በየቤቱ ከሚገኝ ቀላል ነገር ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያል። በጃማይካ ደግሞ ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የነበሩና በዚያም ቤት ከገቡም በኋላ ጨዋታ የተደረገላቸው ልጆች፣ ካልተደረገላቸው ይልቅ በአእምሮ እድገታቸው ቀድመው መገኘታቸውን አስረድተዋል። እንግዲህ አሻንጉሊቷ የምግብን ቦታ አትተካም፤ ነገር ግን ትርፍ ነገርም አይደለችም።

ጫጩትን የመረጥነው ልጁ ስለሚያውቃት ነው። በገጠር ላደገ ልጅ ድብ ቢሰጠው እንግዳ ይሆንበታል። ጫጩት ግን ከእግሩ ሥር ስትሯሯጥ ኖራለች፤ ድምፅዋንም ከመናገሩ በፊት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዳንቴል ሠርተው የሚያውቁ እናቶችና እኅቶች የሚቸግራቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሬዲዮና የጠረጴዛ ልብስ ሲሠሩ ለኖሩ እጆች ይህ ዕረፍት ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳንቴል የሚያምረው በቀዳዳው ሲሆን አሻንጉሊት ግን ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም።

መካከለኛ ውፍረት ያለው ቢጫ የአክሪሊክ ወይም የጥጥ ክርና 3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዙ። የክሩ ጥቅል ላይ የተጻፈው የኪሮሽ ቁጥር ከዚህ የሚበልጥ ቢሆንም አትደንግጡ፤ ሥራው እንዲጠብቅ ሆን ብለን አሳንሰነዋል። ጸጉራም ክር አትጠቀሙ፤ ጸጉሩ በልጁ አፍ ውስጥ ይቀራል። የበግ ሱፍም በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ስለሚኮማተር አንመክረውም።

የምንጠቀመው አንድ ዓይነት አጭር ቋጠሮ ብቻ ነው። ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን ስባችሁ ስታወጡ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል፤ ክሩን እንደገና ይዛችሁ በሁለቱም ውስጥ ታሳልፉታላችሁ። ለመጀመር ሁለት ሰንሰለት ሠርታችሁ፣ መጀመሪያ በሠራችሁት ሰንሰለት ውስጥ 6 ቋጠሮ አስገቡ። ይህ 1ኛው ዙር ነው። ከዚያ ዙሩን ሳትዘጉ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞራችሁ ትቀጥላላችሁ። ዙሩ የሚጀምርበትን ቦታ ሌላ ቀለም ባለው ቁራጭ ክር ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ መቁጠር አይቻልም፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ምልክቱን ማውጣት አትርሱ።

በ2ኛው ዙር በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ሁለት እየሠራችሁ 12 አድርሱ። በ3ኛው በየሁለተኛው ላይ ጨምራችሁ 18፣ በ4ኛው በየሦስተኛው ላይ ጨምራችሁ 24 ይሆናል። በየዙሩ 6 የሚጨመርበት ምክንያት አለው። የአጭር ቋጠሮ ቁመትና ስፋት እኩል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ክብ ደግሞ በአንድ እርምጃ በሰፋ ቁጥር ዙሪያው ከ6 እርምጃ ትንሽ በሚበልጥ ያድጋል። ከ6 ብታሳንሱ ሥራው እንደ ቆብ ይጎብጣል፤ ብታበዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። ይህን ያስተዋለ ሰው ከዚህ በኋላ ጽሑፍ ሳያይ የፈለገውን ቅርጽ ማውጣት ይችላል።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ዙር ሳትጨምሩ በ24 ሂዱ፤ ይህ ራስዋ ነው። በ9ኛው በየአራተኛው ላይ ጨምራችሁ 30 አድርሱና እስከ 14ኛው ዙር በ30 ቀጥሉ፤ ይህ ሆድዋ ነው። ከዚያ መቀነስ ይጀመራል፤ ይኸውም ሁለት ቋጠሮዎችን እንደ አንድ አድርጎ መሥራት ነው። 15ኛው ዙር 24፣ 16ኛው 18፣ 17ኛው 12፣ 18ኛው 6 ይሆናል። ዓይኑ የሚሰፋውና ሆድዋ የሚሞላው ከ17ኛው ዙር በፊት፣ እጅ በሚገባበት ጊዜ ነው። በመጨረሻ የቀሩትን 6 ቋጠሮዎች በመርፌ ሰብስባችሁ አጥብቁ፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ እየመለሳችሁ ቅበሩት።

ዓይኑን በጥቁር ክር፣ ምንቃሩን በብርቱካንማ ክር ጥለፉት። ክንፎቹ በ18 የሚያልቁ ሁለት ትንንሽ ክቦች ናቸው፤ ለሁለት ታጥፈው ቀጥ ባለው ጎናቸው በሙሉ ይሰፋሉ፤ ጫፋቸውን ብቻ አንጠልጥሎ መተው አይበቃም። እግር አንሠራላትም። እግር ማለት ተንጠልጣይ ክር ነውና በጣት ላይ ይጠመጠማል። እግሯ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከመጣ ተቀምጣለች በሉት።

ለመሙያ የሚሻለው ፖሊስተር ነው፤ ይታጠባል፤ ቶሎም ይደርቃል። ንጹሕ የተባዘተ ጥጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ስለሚጓጉልና ለመድረቅ ስለሚዘገይ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ጤፍ፣ ገለባ ፈጽሞ አታስገቡ። ይነቅዛል፣ ይሻግታል፣ ስፌቱም ቢከፈት ወደ አፍ ይገባል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ ይህን እንድታስቡ እንለምናለን። ጫጩቷን አልጋው ላይ ትቶ መሄድ ማጫወት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማጫወትን ይመክራሉ፤ ከሁሉ የሚሻለውም እናቲቱ ራስዋ ስታደርገው ነው። ጫጩቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና «የት ሄደች?» ትበለው። ከጣሳ ውስጥ ታስገባት፣ ታውጣት፤ «ውስጥ»፣ «ውጭ» እያለች ትንገረው። ልጁ ከማዕከሉ ሲወጣ ጫጩቷን ይዞ ይሂድ። ለሌላ ልጅ የምትተላለፍ ከሆነ ግን በሳሙና ታጥባ እስከ ውስጧ ሳትደርቅ አትሰጥ።

ሠርተን ብንሸጣቸውስ ብለው የሚጠይቁን የሴቶች ማኅበራት አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአየርላንድ ታላቁ ረኀብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ ካሳንድራ ሃንድ የተባሉ የክሎንስ ከተማ ቄስ ባለቤት አስተማሪ አስመጥተው የአካባቢውን ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል አስተምረዋቸዋል፤ ብዙ ቤተሰብም በዚያ እንጀራ በልቷል። ነገር ግን ፋሽኑ ሲያልፍ ገበያውም አብሮ ቀነሰ። ከዚህም በላይ ኪሮሽ እስከ ዛሬ በእጅ እንጂ በመኪና አይሠራም፤ ስለዚህ በርካሽ የሚሸጥ የኪሮሽ ሥራ ባያችሁ ጊዜ ጉዳቱ የደረሰው በአንዲት ሴት እጅ ላይ መሆኑን ዕወቁ። አንዲት ጫጩት እኔን 4 ሰዓት ትወስድብኛለች። ዋጋ ስታወጡ ከክሩ ሳይሆን ከሰዓቱ ጀምሩ።

ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዷን እንዲህ ፈትሹ። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ጎን ለጎን ሳቡት፤ መሙያው በቋጠሮዎቹ መካከል ከታየ ሥራው ላልቷልና ባነሰ ኪሮሽ ይሠራ። ቀጥሎ ክንፉን ይዛችሁ በኀይል ጎትቱ። በአውሮፓ ደረጃ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የአሻንጉሊት ክፍል የ90 ኒውተን ስበት መቻል አለበት፤ ይህም 9 ሊትር ውሃ እንደማንጠልጠል ያህል ነው። ክንፉ ከላላ ፍቱትና እንደገና ስፉት። መርፌዎቻችሁንም ቁጠሩ፤ አንዲት ከጎደለች በጫጩቷ ሆድ ውስጥ አለመኖሯን ሳታረጋግጡ ጥቅሉን አትዝጉ።