ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉድለት ሲነገር እንዴት እንስማ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በአምቦ፥ በጉደር፥ በግንጪ፥ በጌዶና በባኮ፥ በዙሪያውም ባሉት አጥቢያዎች ሆናችሁ ይህን ትምህርት የምትከታተሉ ሁሉ፤

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጆሮ ነው። አባቶቻችን ወሬ የሚሰሙት በገበያና በለቅሶ ቤት ነበር፤ ዛሬ ግን ወሬ በስልክ ውስጥ ተቀምጦ አብሮን ይሄዳል። ፖድካስት የተባለውን የድምፅ ስርጭት ሰው በመንገድ ሲሄድም፥ ሥራውን ሲሠራም ያደምጠዋል። ከነዚህም ስርጭቶች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያንን ጉድለት ያወሳሉ፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ፥ ስለ ካህናት ጠባይ፥ ስለ አባቶች አለመስማማት ይናገራሉ። እንግዲህ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? ጆሮውን ይድፈን? ወይስ የሰማውን ሁሉ ይመን? ሁለቱም ስሕተት መሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል።

ጆሮን መድፈን ስሕተት ነው፤ መጽሐፍ ራሱ የአገልጋዮችን በደል አልሸሸገምና። የካህኑ የዔሊ ልጆች መሥዋዕቱን እንደ ናቁ ጽፎልናል፤ ንጉሡ ዳዊት በነቢዩ በናታን ፊት እንደ ተገሠጸ ጽፎልናል። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ክርክር መኖሩን ከቀሎዔ ቤተ ሰዎች ሲሰማ፥ ነገሩን ሳይንቅ መልእክት ጻፈ (1ኛ ቆሮ. 1፥11)።

ሁሉን ማመንም እንዲሁ ስሕተት ነው። ያው ሐዋርያ በመካከላቸው መለያየት እንዳለ በሰማ ጊዜ፥ በከፊል እንደሚያምን ብቻ ተናገረ (1ኛ ቆሮ. 11፥18)። ሰሎሞንም አስቀድሞ የሚናገር ሰው ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል አስጠነቀቀ (ምሳ. 18፥17)። በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስም ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል ጢሞቴዎስ ታዟል፤ ኃጢአቱ ከተረጋገጠ ግን በሁሉ ፊት እንዲገሥጸው ታዟል (1ኛ ጢሞ. 5፥19-20)። ሁለቱ ትእዛዛት አብረው የተጻፉ ናቸውና፥ አንዱን ይዘን ሌላውን አንጣል።

ምሳሌውን ከሩቅ አንፈልግ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወሊሶ፥ በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፥ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ለ26 መነኮሳት የኤጲስ ቆጶስነት ሹመት ሰጡ። ቅዱስ ሲኖዶስም ጥር 18 ቀን በውግዘት ለያቸው። ጥር 27 ቀን በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጾመ ነነዌም ምእመናን ጥቁር ለብሰው አለቀሱ።

በዚያ ወራት ስንት ነገር ሰማን? አንዱ ተናጋሪ የቀኖናውን መፍረስ ብቻ ይናገራል፤ በቋንቋው ሳይማር የኖረውን ሕዝብ ግን አያነሣውም። ሌላው የሕዝቡን ቅሬታ ብቻ ይናገራል፤ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ግን አያነሣውም። እያንዳንዱ ግማሽ እውነት ይዞ ነበር፤ ሰሚውም ግማሹን ሙሉ አድርጎ በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። እኛ ካህናትም ያላጣራነውን ለሌላ ያወራንበት ጊዜ አለና፥ ይህን ስንናገር ራሳችንን ነጻ አናደርግም።

የሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ ግን መንገዱን ያሳየናል። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ስለ ተዘነጉ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ማንጐራጐሩን ዓመፅ ብለው አልናቁትም፤ ያንጐራጐሩትም በገዛ እጃቸው አልሾሙም። ጉባኤው ሰባት ሰዎችን መረጠ፥ ሐዋርያት እጃቸውን ጫኑባቸው፥ ጉድለቱም ታረመ። በገጠር ያለች እናት በአፋን ኦሮሞ ወንጌል ሳትሰማ ወደ ቤቷ ብትመለስ እርስዋም ከማዕዱ እንደ ተዘነጋች መበለት ናት፤ ይህን መናገር ቤተ ክርስቲያንን መድፈር አይደለም። የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር ተወሰነ፤ ሐምሌ 9 ቀንም ቅዱስ ሲኖዶስ በሥርዓቱ 9 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። ቅሬታውና ሥርዓቱ በአንድ ጉባኤ ሊሰሙ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ስርጭት ስትሰሙ አራት ነገር ጠይቁ።

1ኛ፤ ተናጋሪው ያየውን ይናገራልን? ወይስ ከሌላ የሰማውን?

2ኛ፤ የተከሰሰው ወገን ተጠይቋልን? እስራኤል ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉት ወንድሞቻቸው መሠዊያ ሠሩ የሚል ወሬ ሰምተው ለጦርነት ተሰብስበው ነበር፤ ነገር ግን አስቀድመው ፊንሐስን ልከው ስለ ጠየቁ ደም ሳይፈስስ ቀረ (ኢያ. 22)።

3ኛ፤ የተናጋሪው አሳብ ማረም ነውን? ወይስ ማዋረድ? ናታን ዳዊትን የገሠጸው ንስሐ እንዲገባ ነው፤ ካም ግን የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለወንድሞቹ በውጭ አወራ።

4ኛ፤ ከሰማሁ በኋላ እኔ ምን አደርጋለሁ? የሰማነውን ለመቶ ሰው ከማስተላለፋችን በፊት እንጸልይ፥ ራሳችንን እንመርምር፤ የምናውቀው በደል ቢኖር ለንስሐ አባታችን፥ ለሰበካ ጉባኤው፥ ለሀገረ ስብከቱም እናቅርብ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ኀፍረት ሸፈኑ እንጂ ግፍን አልሸፈኑም። የተሰረቀ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ወይም የተደፈረ ልጅ ቢኖር፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ዝም በሉ ማለት ሁለተኛ በደል ነው። የተጐዳው ይሰማ፤ በደለኛውም በቤተ ክርስቲያንና በአገር ሕግ ፊት ይቁም። የቤተ ክርስቲያን ክብር በእውነት ይጠበቃል እንጂ በዝምታ አይጠበቅም።

የአምቦን ውኃ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱ ሲከፈት ድምፅ ያሰማል፥ አረፋውም ይፈላል። የተጠማ ሰው ግን አረፋው እስኪወርድ ጥቂት ይታገሣል፤ የሚያረካው አረፋው ሳይሆን ውኃው ነውና። ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚነገረውንም እንዲሁ እንታገሠው፤ አረፋው ሲወርድ የቀረው እውነት ምንም መራራ ቢሆን እንጠጣው፥ ለንስሐም ይሁነን።

እግዚአብሔር አምላካችን የሚያስተውል ጆሮና የሚራራ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።