ለቤት ጋዝና ለጭስ ማውጫ ባለሙያ መምረጥ በብሪታንያ

በብሪታንያ በሰው ቤት ውስጥ የጋዝ ቧንቧ፣ ቦይለር ወይም የጋዝ ምድጃ የሚገጥም፣ የሚጠግን ወይም የሚመረምር ባለሙያ «ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር» በተባለው መዝገብ ላይ የመስፈር ግዴታ አለበት። ሳይመዘገብ ገንዘብ ተቀብሎ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ወንጀል ፈጽሟል። የዚያኑ ቤት ጭስ ማውጫ የሚጠርገው ሰው ግን ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ብሩሽ የገዛ ሁሉ ጠራጊ ነኝ ማለት ይችላል። ሁለቱ ሙያዎች የሚከላከሉት አደጋ በአብዛኛው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰቡ በጋዙ በኩል ሕግ ሲያግዘው በጭስ ማውጫው በኩል ግን የማጣራቱ ሥራ በራሱ ላይ ይወድቃል።

አደጋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጋዝ፣ እንጨት፣ ከሰል ወይም ሌላ ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ፣ ወይም ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ይህ ጋዝ ቤቱን ይሞላል። ቀለም የለውም፤ አይሸትም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ በትንሽ መጠን እንኳ ሰውነትን አየር ያሳጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሚያስከትል ብዙዎች ጉንፋን የያዛቸው ይመስላቸዋል። የሚለይበት ምልክት ታማሚው ከቤት ሲወጣ እየተሻለው ሲመለስ የሚብስበት መሆኑ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመመም ጥርጣሬው መጠንከር አለበት። ከሰል ያልጠፋበት ክፍል ውስጥ ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደጋግሞ ሰምቷል። ለንደን ውስጥ ለቡና የሚቀጣጠል ከሰልም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው፤ መስኮትና በሩ ብርድ እንዳያስገባ ተጠርቅሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከሰልን በቤት ውስጥ አለማንደድ እንጂ ለዚህ የሚጠራ ባለሙያ የለም።

የጋዝ ሥራ በሕግ የታሰረው ከመራራ ልምድ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1968 በምሥራቅ ለንደን ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ጋዙ ያፈተለከው ምድጃውን ከቧንቧው በሚያገናኝ ጉድለት ባለበት ዳዶ በኩል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «ኮርጊ» የተባለ የጋዝ ገጣሚዎች መዝገብ በበጎ ፈቃድ ተቋቋመ፤ በ1991 መመዝገብ ግዴታ ሆነ፤ በ2009 ደግሞ ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር ተተካ። ዛሬ የኮርጊን ምልክት እያሳየ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ሕጋዊ ማስረጃ አላቀረበም።

የተመዘገበ ባለሙያ ፎቶግራፉ፣ የፈቃድ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን የሰፈረበት መታወቂያ ይይዛል። አብዛኛው ሰው የፊቱን ገጽ አይቶ ይመልሳል፤ ትልቁ ቁም ነገር ግን ያለው በጀርባው ነው። ባለሙያው የትኞቹን ሥራዎች ለመሥራት ብቃቱ እንደተረጋገጠ እዚያ ይዘረዘራል። ቦይለር የሚያውቅ ሁሉ የጋዝ ምድጃ አያውቅም፤ በመንገድ ስር በተዘረጋ ቧንቧ የሚመጣ ጋዝ ላይ የሠለጠነም በሲሊንደር ጋዝ ላይ ለመሥራት ላይፈቀድለት ይችላል። የቧንቧ ሠራተኛነትም ብቻውን ጋዝ ለመንካት አያበቃም። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነፃ ነው፤ ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሠራተኛ ቢሰናበት ይሻላል። መታወቂያ ማሳየት የሥራው ክፍል እንጂ ስድብ አይደለም።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ተጨማሪ መብት አለው። በ1998ቱ የጋዝ ደህንነት ደንብ መሠረት አከራይ የራሱን የጋዝ ዕቃዎችና የጭስ መውጫዎቻቸውን በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ ማስመርመር፣ የምርመራውን ወረቀት ቅጂ ለነባር ተከራይ በ28 ቀን ውስጥ፣ ለአዲስ ተከራይ ደግሞ ከመግባቱ በፊት መስጠት አለበት። ወጪውን የሚሸፍነው አከራዩ ነው። ቋንቋ ገና ያልለመደ፣ ከአከራዩ ጋር መጋጨት የማይሻ ስደተኛ ይህን ወረቀት ሳይጠይቅ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ውለታ ሳይሆን መብቱ ነው። ባለሙያው አንድን ዕቃ «አስቸኳይ አደጋ ያለበት» ብሎ ምልክት ከለጠፈበት እስኪጠገን ድረስ ማንም መክፈት የለበትም። የራሱ ቤት ያለው ሰው ዓመታዊ ምርመራ እንዲያደርግ ሕግ ባያስገድደውም ምክሩ ያው ነው።

ጭስ ማውጫ ለመጥረግም ፈቃድ ግዴታ የነበረበት ጊዜ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕፃናት በጠባቡ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየወጡ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር። በ1875 በካምብሪጅ አቅራቢያ በፉልቦርን ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሎርድ ሻፍትስበሪ ያስጸደቀው ሕግ ጠራጊዎች ሁሉ በየዓመቱ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። ያ ግዴታ በ1938 ከተሻረ ወዲህ አልተመለሰም። ክፍተቱን የሚሸፍኑት የሙያ ማኅበራትና «ሄታስ» የተባለው የእንጨትና የከሰል ምድጃ ባለሙያዎችን የሚመዘግብ ድርጅት ናቸው። አባል የሆነ ጠራጊ የኃላፊነት መድን ይኖረዋል፤ ሥራውንም ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ቤት ቢቃጠል የመድን ድርጅቶች ሊጠይቁት ስለሚችሉ ወረቀቱ ይቀመጣል።

እንጨት ሲነድ ሬንጅ መሰል ዝቃጭ በጭስ ማውጫው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ እሳት ሲይዘውም ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል። እርጥብ እንጨት ይህን ዝቃጭ ያበዛዋል፤ እንጨቱ ከ20 በመቶ በታች እርጥበት እንዲኖረው የሚመከረውም ለዚህ ነው። እንጨት የሚነድበት ጭስ ማውጫ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ቢያንስ አንድ ጊዜ መጠረግ ይገባዋል። ጥሩ ጠራጊ ብሩሹን እስከ ጫፍ አውጥቶ የወፍ ጎጆ ወይም የወደቀ ጡብ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ጭስ ለቆ ወደ ክፍሉ አለመመለሱን ይፈትሻል። ከመንገዱ ላይ በር አንኳኩቶ «ዛሬ በርካሽ እጠርጋለሁ» የሚል፣ ወረቀትም የማይሰጥ ሰው ይህን ሁሉ አይሠራም። ከጭስ ማውጫው ስር የጋዝ ምድጃ ካለ ጠራጊው ሊነቅለው አይችልም፤ ከኋላው የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ለማየት መጀመሪያ የጋዝ ባለሙያው መጠራት አለበት።

በእንግሊዝ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ አከራዮች ከማብሰያ በቀር ቋሚ የጋዝ፣ የእንጨት ወይም የዘይት ማሞቂያ ባለበት መኖሪያ ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲተክሉ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ማንቂያው ምርመራን አይተካም። የጋዝ ሽታ ከተሰማ ወይም ማንቂያው ከጮኸ መስኮት ተከፍቶ፣ በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ፣ የመብራት ማብሪያ ሳይነካ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ ከውጭ ሆኖ በ0800 111 999 መደወል በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ሌትም ቀንም ነፃ ነው። የሚመጣው የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ጋዙን ዘግቶ አደጋውን ያስቆማል፤ የተበላሸውን ዕቃ ግን አይጠግንም። ጥገናው መታወቂያው ጀርባ ላይ ያ ሥራ የተጻፈለት ባለሙያ ድርሻ ነው።