ስለ ጥንታዊት ቬስፓ ዋጋ

ከሰባ ዓመት በፊት በኢጣሊያ የተሠራች አንዲት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ቀለሟ ደብዝዞ፣ የመቀመጫዋ ቆዳ ተሰነጣጥቆ፣ በላሜራዋ ላይ እዚህም እዚያም ዝገት ጣል ጣል ብሎባት ለሽያጭ ብትቀርብ፣ ከአጠገቧም እኩያዋ የሆነች ሌላይቱ አዲስ ቀለም ተቀብታ እንደ መስተዋት እያንጸባረቀች ብትቆም፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ለሁለተኛይቱ እንደሚሰጥ አያጠራጥርም፤ ዐዋቂው ግን ጐንበስ ብሎ የሚመረምረው፣ ብዙ ጊዜም አብልጦ የሚከፍለው ለፊተኛይቱ ነው። የዚህን ምክንያት ለአንባቢ ለመግለጽ ከጥንታውያን ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች መካከል ቬስፓን መርጫለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዘመናትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈጸም የፒያጆ ኩባንያ በፖንቴዴራ ከተማ የነበረው የአውሮፕላን ፋብሪካ በቦምብ ፈራርሶ ስለ ነበር፣ ኤንሪኮ ፒያጆ በጦርነት የደኸየው ሕዝብ ሊገዛው የሚችለውን ርካሽ መጓጓዣ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለውን መሐንዲስ ጠራው። ዳስካኒዮ በሄሊኮፕተር ጥበብ ስሙ የታወቀ ሰው ሲሆን ሞተር ብስክሌትን ግን ፈጽሞ አይወድም ነበር፤ ለመቀመጥ አይመችም፣ ሰንሰለቱ ልብስ ያቈሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስም መቀየሩ መከራ ነው ይል ነበርና። ይህ ጥላቻው ግን ለበጎ ሆነ፤ ሰንሰለቱን አስወግዶ ሞተሩን ከኋላው ጎማ አጠገብ በክዳን ሸፈነው፣ ማርሹን ወደ መሪው እጀታ አመጣው፣ የፊቱንም ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ ደግፎ አቆመው። የፈጠራው መብት ጥያቄ አፕሪል 23 ቀን 1946 በፍሎረንስ ከተማ ቀረበ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ የወገቧን ቅጥነት ያየና ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ስሟ ከግብሯ ጋር እንደሚስማማ ይመሰክራል።

የመጀመሪያይቱ ቬስፓ ሞተር 98 ሲሲ ሲሆን፣ ዋጋዋ የተራዋ 55,000፣ የጌጠኛዋ 61,000 ሊሬ ነበር። በዚያ በ1946 የተሠሩት 2,484 ብቻ ሲሆኑ፣ በ1956 ግን ጠቅላላ ቍጥራቸው አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ የዛሬው ዋጋቸውም የተሠሩት ባነሱ መጠን ይወጣል፣ በበዙ መጠን ይወርዳል። ለገበያ የሚቀርቡት ከመውጣታቸው አስቀድሞ በእጅ ከተሠሩት ስድሳ ያህል ቬስፓዎች አንዲቱ፣ የሻንሲ ቍጥሯ 1003 የሆነው፣ በ2017 ለጨረታ በቀረበች ጊዜ ከ250,000 ዩሮ በላይ ታወጣለች ተብሎ ተገምቶላት ነበር። ከእነዚያ ከቀደምቶቹ የተረፉት ጥቂቶች የሆኑበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበትን ዕቃ አንድ ቀን ቅርስ ይሆናል ብሎ አያስቀምጠውምና። ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ ሄደባት፣ ነጋዴው ሸቀጡን ጫነባት፣ በኋላም ፊያት በ1955 ስድስት መቶ የተባለችውን፣ በ1957 ደግሞ አምስት መቶ የተባለችውን ትንሽ መኪና ባወጣ ጊዜ፣ አቅሙ የደረሰ ሁሉ መኪና ገዝቶ ቬስፓይቱን ከዶሮ ቤት ጥግ ጣላት።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ከዕድሜው ጋር የሰው ትዝታ ሊጨመርበት ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ ቬስፓዎች የፊት መብራቱ የሚገኘው በመሪው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በፊተኛው ጎማ ፓራፋንጎ ላይ ነው፤ ጣልያኖችም በዚሁ ምክንያት «ፋሮ ባሶ»፣ ዝቅተኛ መብራት ይሏቸዋል። ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ በ1953 በወጣው «ሮማን ሆሊደይ» በተባለው ፊልም በሮማ ጐዳናዎች የተንሸራሸሩባት ቬስፓ መብራቷ እንዲህ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያች መብራት የአንድ ዘመን ወጣትነት ምልክት ሆና ቀርታለች። ሰው ገንዘብ ባገኘበት በሃምሳ ዓመቱ የሚገዛው በዐሥራ አምስት ዓመቱ ቆሞ እያየ ተመኝቶ ያጣውን ነው፤ ስለዚህ ጥንታዊት ቬስፓን ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ሰው የተመኟት ሰዎች ትውልድ ሲያልፍ ምኞቱም አብሮ ሊያልፍ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። ከባለ ዝቅተኛ መብራቶቹ ሌላ፣ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የበቃችው የ1955ቱ ጂ.ኤስ. 150፣ በመሪዋና በመቀመጫዋ መካከል የሐሰት ሣጥን ያለባት የ1965ቷ 90 ሱፐር ስፕሪንትም ብዙ ፈላጊ አላቸው።

ፈላጊ በበዛ ቍጥር አስመሳዩም ይበዛል። ቬስፓ እንደ ሌሎች ሞተር ብስክሌቶች በብረት አጥንት ላይ የተሰቀለች አይደለችም፤ ላሜራዋ ራሱ አጥንቷ ነው። ስለዚህ ዐዋቂው ገዢ መጀመሪያ ተንበርክኮ እግር የሚያርፍበትን ወለል ከሥሩ በባትሪ መብራት ይመለከታል፤ ቀጥሎም ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በላሜራው ላይ ቀስ እያደረገ ያስኬዳል፤ ማግኔቱ ጭብጥ አድርጎ ሲይዝ ብረት ነው፣ ድንገት ለቀቅ ሲል ግን ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። ከቬትናም ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ከተላኩት አሮጌ ቬስፓዎች ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ሬሳ ተቈራርጠው በበየዳ የተጋጠሙ፣ ላያቸው ግን እንደ ሙሽራ ያጌጠ ሆነው በመገኘታቸው ገዢዎች ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን በጐዳና ላይ ሕይወታቸውንም ለአደጋ አጋልጠዋል። ይህን እንደ ተራ የንግድ ብልጠት የሚያዩ አሉ፤ በእኔ ኅሊና ግን ከባድ በደል ነው።

ከወለሉ ቀጥሎ የሚመረመረው በብረቱ ላይ የተመታው የሻንሲ ቍጥር ነው፤ የጂ.ኤስ. 150 ቍጥር በ«ቪ.ኤስ.» እንደሚጀምር ሁሉ፣ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መለያ አለው። በአገራችን አንዳንድ የብራና መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም እንደ ተጻፈበት፣ ቍጥሩም በሞረድ ተፍቆ እንደ ገና ሊመታ ይችላል፤ ዐይኑን ያሠለጠነ ሰው ግን በብራናውም ሆነ በብረቱ ላይ የተፋቀውን ስፍራ አይስተውም። ቍጥሩ ከቀድሞ ሊብሬዋ ጋር ሲስማማ፣ የጥንት ታርጋዋም ሳይነሣ ሲገኝ ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሊብሬና ታርጋ፣ ላሜራና ስቱኮ የምንላቸው ቃላት ከዚያው ከጣልያን ጋራዥ የወረስናቸው ስለ ሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሰው ከጣልያን ሻጭ ጋር ቆሞ ቢነጋገር ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ይግባባል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ። ጣልያኖች የታደሰችውን «ሬስታውራታ»፣ እንደ ነበረች የተጠበቀችውን «ኮንሰርቫታ» ብለው ይለያሉ፤ የዚህም ልዩነት ምሥጢሩ ሞተር ሊታደስ፣ ጎማ ሊለወጥ፣ የጐደለው መለዋወጫ ሁሉ ሊገዛ ሲቻል፣ ፋብሪካው የቀባት የፊተኛው ቀለም ግን አንድ ጊዜ ከተፋቀ ወዲያ በምንም ገንዘብ የማይመለስ መሆኑ ነው። የደበዘዘ ቀለም ያችው ራሷ ለመሆኗ ምስክር ነው፤ አዲስ ቀለም ግን የሚመሰክረው ስለ ቀቢው ብቻ ነው። ዝገት የበላት ቬስፓ ትታደስ ዘንድ ግድ ነው፤ ለመዳን የምትችለውን ግን ለማሳመር ብሎ መፋቅ ጥንታዊ ሥዕልን በዘይት ቀለም ደግሞ እንደ መቀባት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህች ጣልያናዊት ከእኛ የራቀች አይደለችም። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ተቀብሎ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሯን እኅቷን «አፔ»ን ሲሠራ ቈይቶ በኋላ በራሱ ስም ቀጠለ፤ ስለዚህ ዛሬ በየከተማችን ባጃጅ የምንላት ከዚያው ግንድ የበቀለች ቅርንጫፍ ናት። በአዲስ አበባም አንዳንድ አሮጌ ቬስፓዎች በየግቢው ጥግ ቆመው ይታያሉ።

አንዲቱን በአንድ ጋራዥ ውስጥ አይቻታለሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ቀዩን ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቅ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መቀመጫዋን አንሥቶ የቤንዚን መያዣዋን ቢያወጣ፣ ከሥሩ ፀሐይ ያላየው፣ ማንም ያልነካው የመዳፍ ያህል ፈዛዛ ግራጫ ቀለም ተገለጠ። «ጋሼ፣ ይህን ደግሞ ማን ቀባው?» አለኝ። የፋብሪካው ቀለም እንደ ሆነ፣ ያች መዳፍ የምታህል ስፍራም ከሚቀባው ቀዩ ሁሉ እንደምትበልጥ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ ጨርቅ አርጥቦ አቧራውን ከግራጫው ላይ በቀስታ ጠረገና የብርጭቆ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰው።