ውሃው ያው፣ ሕመሙ ሌላ

47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞላው ውሃ እጅ አይልጥም፤ ግን ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት መነሻው ይህ ውሃ ነበር። የሞንትሪያሉ ተመራማሪ ፒየር ሬንቪልና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ ሰዎችን በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ትኩረትን ሰብስቦ በቃል በመምራት፣ ካዝናኑ በኋላ እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዲነክሩ አደረጉ። አንድ ጊዜ ስሜቱ ብዙም እንደማይረብሻቸው፣ ሌላ ጊዜ ከወትሮው ብሶ እንደሚያስጨንቃቸው ይነገራቸዋል። ሙቀቱ አልተለወጠም። የተሰማቸው ጭንቀት ግን ቃሉን ተከትሎ ወጣ፤ ወረደ።

ሰዎቹ የተናገሩት ለተመራማሪዎቹ ደስ እንዲላቸው ብለው ይሆን? የአንጎል ምስሉ እንደዚያ አይልም። የሕመምን አስጨናቂነት ከሚመዝኑት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሥራው እንደ ቃሉ ሲጨምርና ሲቀንስ ታየ። ሕመሙ የትና ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚለየው ክፍል ግን እምብዛም አልተለወጠም። ማቃጠሉን ያውቁታል፤ እንደ ቀድሞው አያስጨንቃቸውም።

ዓይንም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካዊው ስቴፈን ኮስሊንና ባልደረቦቹ በሂፕኖሲስ በቀላሉ ለሚመሰጡ 8 ሰዎች ባለ ቀለም ሥዕል እያሳዩ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ግራጫ ሆኖ እንዲያዩት ነገሯቸው። ቀለምን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ሥራውን ቀነሰ። ግራጫውን ባለ ቀለም አድርገው እንዲያዩ ሲነገራቸው ደግሞ ያው ክፍል ነቃ።

ለውጡ የመዝናናት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ኢቫ ባንያይና ኧርነስት ሂልጋርድ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል። ተሳታፊዎቻቸው ባለበት የሚቆም ብስክሌት እየነዱ፣ ንቁና ብርቱ እንደሆኑ እየተነገራቸው ወደ ሂፕኖሲስ ገቡ። ለሚነገራቸው ቃል የሰጡት ምላሽም ተዝናንተው ከሚገቡት የሚስተካከል ነበር። መዝናናት በሩን ሊከፍት ይችላል፤ ስሜትን የሚለውጠው ግን ትኩረትና ቃል ነው።

ሁሉም ሰው እኩል አይመሰጥም። ጥቂቶች በጥልቀት ይገባሉ፤ ጥቂቶችን ፈጽሞ እምቢ ይላቸዋል፤ ብዙው ሰው መካከል ላይ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመመሰጥ ችሎታቸው የተለካ ሰዎች ከ25 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ ውጤታቸው ከቀድሞው ብዙም አልራቀም።

በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂፕኖሲስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባ ቆይቷል። ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐኪም ማሪ ኤሊዛቤት ፌሞንቪል መሪነት፣ እንቅርትን የመሰለ ቀዶ ሕክምና ያለ ሙሉ ማደንዘዣ ለብዙ ሕሙማን ተሠርቷል። ታካሚው አይተኛም። የሚቆረጠውን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌና ቀለል ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሐኪም ደግሞ የሚወደውን ትዝታ እንዲኖርበት በለሰለሰ ድምፅ ይመራዋል። ሕመሙ ከበረታበት ሙሉ ማደንዘዣው እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።